የመስኮቱ ማስታወቂያ

ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ሲጠብቅ የዋለ ሰው ሁሉ የፀሐይወርቅን ድምፅ ያውቀዋል፤ ፊቷን የሚያውቀው ግን የለም። የሶፋ ቅናሽ የምታበስረው እሷ ናት። የጥርስ ክሊኒኩ ወደ አዲሱ ሕንፃ መዛወሩን የምትናገረው እሷ ናት። ባጃጅ ላይ በታሰረ ድምፅ ማጉያ «እናቶች ሆይ» እያለች ስለ ወፍጮ ቤቱ የምታስረዳውም እሷው ናት። ድምፅዋ ወፈር ያለ፣ ለስላሳ፣ ትንሽ እንቅልፍ ያለበት ነው። እንቅልፉ ጥበብ አይደለም፣ ድካም ነው። ሰው ግን እንደ ጥበብ ስለቆጠረላት እሷም ዝም አለች።

ተወልዳ ያደገችው መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነው። አንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውስጥ ለብዙ ዓመት የታካሚ ስም ስትጠራ ኖራለች። ስም መጥራት ቀላል ሥራ ይመስላል፤ የታመመ ሰው ግን ስሙ እንዴት እንደተጠራ አይረሳም። ሚኪ የሚባል የድምፅ ስቱዲዮ ያለው ሰው እናቱን ሊያሳክም መጥቶ ስትጠራቸው ሰማ፣ የእናቱን መድኃኒት እንኳን ሳይቀበል «ከእኔ ጋር አትሠሪም ወይ?» አላት። ጤና ጣቢያውን የለቀቀችው አርፋለሁ ብላ ነበር። ዕረፍት የሚሉት ነገር ግን እስከ ዛሬ ድረስ ቀጠሮ እየሰጠ ይመልሳታል።

ባሏ አስረስ የቆዳና ሌጦ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። እርጥቡ ቆዳ በመኪና ተጭኖ ይመጣል፤ አስረስ ይዘረጋዋል፣ ጨው ይነሰንስበታል፣ አንዱን በአንዱ ላይ ይደርባል። በዓል ሲመጣ ሌላው ሰው ሥጋውን ይበላል፣ አስረስ ቆዳው ይደርሰዋል። ሽታው የሚታጠብ ዓይነት አይደለም። ፀጉር ውስጥ ይተኛል፣ ጥፍር ሥር ይቀመጣል፣ ልብስ ቢቀየር ሰውየውን ተከትሎ ወደ አዲሱ ልብስ ይዛወራል። አስረስ ንጹሕ ሰው ነው፤ ይህ በደንብ ይያዝልኝ። ሎሚ ሞክሯል፣ ጤና አዳም ሞክሯል፣ በልብስ ሳሙና ገላውን ፈትጓል። አሁን የሚኖሩበት ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ፈረቃው ደግሞ አስረስ ደረጃውን ሲወጣ ጠብቆ የሚሄድ ነው የሚመስለው።

የተጋቡ ሰሞን፣ በኅዳር፣ አስረስ ከሥራ ገብቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሙሽሪት ትንሽ ታገሰች፣ ትንሽ ጨመረች፣ ከዚያ አልቻለችም። ተነስታ መስኮቱን ከፈተችና እንዳታሳፍረው ብላ፣ «ውይ፣ ይሞቃል!» አለች። አስረስም ትከሻው በብርድ እየተንቀጠቀጠ «አዎ፣ በጣም ይሞቃል» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየምሽቱ እንዲያ ሆነ። እሱ ይገባል፣ ጫማውን በር ላይ ይተዋል፤ እሷ መስኮቱን ትከፍታለች። «ይሞቃል» ትላለች። «ይሞቃል» ይላል። ነሐሴ ላይ ዝናቡ መጋረጃውን እያራሰው ይሞቃል። ጥር ላይ ውርጩ እየገባ ይሞቃል። ልጃቸው ሄርሜላ አግብታ እስክትወጣ ድረስ ቤታቸው በጣም የሚሞቅ ቤት መሆኑን አምና ነው ያደገችው።

ይሄማ ውሸት ነው እንዳትሉኝ። ባልና ሚስት ብዙ ዘመን ሲኖሩ እንዲህ ያለች አንዲት ቃል ካላበጁ፣ ጎጆውን ምን እንደሚያቆመው እኔ አላውቅም።

አስረስም የራሱ ልማድ አለው። ታክሲ ውስጥ ሆኖ የሚስቱ ድምፅ ከሬዲዮ ከመጣ፣ ሌባ ጣቱን ወደ ላይ ያነሳና አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ «ሚስቴ ናት» ይላል። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ብዙውን ጊዜ አፍንጫውን በሻርፕ ሸፍኖ፣ ፊቱን አዙሮ፣ መውረጃውን የሚናፍቅ ነው። «ሚስቴ ናት» ሲባል ግን ይዞራል። «እውነት? የእርስዎ ሚስት?» ይላል። ለዚያች አፍታ አስረስ ቆዳ ጫኝ አይደለም፤ የዚያ ድምፅ ባል ነው። ቤት ሲገባ «ዛሬም ሰማሁሽ» ይላታል፤ እሷም የሰማው ደክሟት ያነበበችውን መሆኑን እያወቀች ደስ ይላታል።

ነገሩ የተበላሸው በሽቶ ነው።

ሶፊ የምትባል ሴት ጀሞ ውስጥ ሽቶ ቤት አላት። የሽቶዎቹ ስም የውጭ ነው፣ ጠርሙሱ የውጭ ይመስላል፤ ውስጡ ያለውን የሚያውቁት ፈጣሪና ሶፊ ናቸው። ማስታወቂያዋን የምታሠራው ሚኪ ዘንድ ነው። ሚኪ ከኢንተርኔት ያወረደው ምስል አለው፤ ሐምራዊ ቀሚስ የለበሰች ሴት በረሃ ላይ ትሮጣለች፣ ነጭ ፈረስ ይከተላታል፣ ሸሚዙን የረሳ ወንድ ከባሕር ይወጣል። ለምን እንደሚሮጡ አይነገርም። ፀሐይወርቅ መጀመሪያ ያየችው ዕለት «ፈረሱም ይሸጣል እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

«ፈረሱ አይሸጥም ማዘር» አላት ሚኪ። «ፈረሱ ምኞት ነው።»

ጀሞ ላይ ከፈረስ ጋር የሚሮጥ ሰው ከተገኘ ባለጋሪ ነው፤ እሱም ፈረሱ አምልጦት ነው። ግን ተሸጠ። ሴቶቹ ስልካቸው ላይ ፈረሱን እያዩ መጡና ጠርሙሱን ይዘው ሄዱ።

ሶፊ ገበያተኛዋን እንደ እህል ለቅማ ነው የምታስቀምጠው። ለልጃገረድ «ንግሥት ነሽ» ይባላል። ለጎረምሳ «ስትገባ ሁሉም ዝም ይላል» ይባላል። የበዓል ዋዜማ ሲሆን «ለንጹሕ ቀን ንጹሕ መዓዛ»፤ ለሙስሊም ደንበኞቿ «አልኮል የሌለው» የሚለው ቃል መጀመሪያ ላይ፣ ቀስ ተብሎ፣ በአክብሮት ይነበባል። «ሽታ» የሚል ቃል ክልክል ነው። እኛ ያለን መዓዛ ነው፤ ሽታ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ነው። ፀሐይወርቅ ሁሉንም አነበበች። አንድ ቀን እንዲያውም ጽሑፉ ሰልችቷት ከራሷ ጨመረችበት። አንዷ ሴት «ምን ሽቶ ነው?» ትላለች፤ ሌላዋ «አንቺን ሽቶ!» ብላ ትመልሳለች። ሰሙ ጠርሙሱ ነው፣ ወርቁ ፈላጊው ሰውዬ። ሶፊ እልል ብላ አቀፈቻት። የጀሞ ልጃገረዶች ሰላምታቸው አደረጉት፤ አንዷ ቀባብታ ስትወጣ ሌላዋ ከደረጃው ሥር «ምን ሽቶ ነው?» ትላታለች፣ «አንቺን ሽቶ!» እየተባባሉ ይሳሳቃሉ።

እንግዲህ ሐምሌ ገብቶ፣ ዝናብ ቀን ከሌት እየወረደ፣ ፀሐይወርቅ ጉሮሮዋ ተዘግቶ ስቱዲዮ በመጣችበት ቀን ሶፊ ሌላ ሐሳብ ይዛ ጠበቀቻት።

«ትልልቆቹ ወንዶች አይገዙኝም» አለች። «ግንበኛው፣ መካኒኩ፣ ሹፌሩ። ፈረሱን ያዩታል፣ ይስቃሉ፣ ያልፋሉ። ሴቷን በምኞት ትጎትቻታለሽ፤ ወንድ ምኞት አይገባውም ፀሐይዬ። ወንድን ማስፈራራት ነው።»

ሚኪ ጽፎ ነበር፤ «ጀግና ሠርቶ ሲገባ» የሚል ነገር። አነበበችው፣ ሞተ። ቀየረው፣ አነበበችው፣ እንደገና ሞተ። ሻይ ቀዘቀዘ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ታክሲ ሰልፉ ታያት፤ ጀሞ ድረስ ቆማ መሄዷ ታያት። ቶሎ ጨርሳ መሄድ ብቻ ነበር የምትፈልገው። ማይኩን ወደ አፏ ሳበችና፣ ማንም ሳይጽፍላት፣ በዚያው በደከመ ድምፅዋ፣

«ቤትህ ስትገባ ሚስትህ ተነስታ መስኮት ትከፍታለች። ሞቋት ይመስልሃል?» አለች።

ሚኪ ከወንበሩ ተነሳ። ሶፊ ጭንቅላቷን ያዘች። «በቃ! በቃ! አትድገሚው፣ እንዳትነኪው!»

ፀሐይወርቅ ያለችውን ያወቀችው ሚኪ መልሶ ሲያሰማት ነው። በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ የገዛ ድምፅዋ ጆሮዋ ሥር ሆኖ ገበናዋን ነገራት። ክው አለች።

«ሚኪዬ፣ ይቺን ተዋት። ሌላ እንሞክር።»

«ቀልደሻል ማዘር! እንደዚህ ዓይነት በዓመት አንዴም አይገኝ።»

«ተዋት ስልህ።»

«ምነው? ማንን ይነካል?»

ምን ትበል? ባሌን ብትል ገበናዋን ለሁለተኛ ጊዜ ማውጣቷ ነው። ደግሞም ደክሟት ነበር፤ የደከመው ሰው ከክርክር የሚመርጠው ቶሎ ወደ ቤቱ የሚገባበትን መንገድ ነው። አስረስ ባለ ቁልፍ ስልክ እንጂ ምስል የሚያሳይ ስልክ የለውም፤ አይሰማውም አለች ለራሷ። ይህን ስትል ሰውየው በየቀኑ ሁለት ታክሲ እንደሚይዝ ረስታው አይደለም።

ማስታወቂያው ወጣ። እንደ ጉንፋን ተዛመተ። ባጃጁ ከሀይሌ ጋርመንት እስከ ጀሞ እየተመላለሰ «ሞቋት ይመስልሃል?» ይላል። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ያሉ ሴቶች ድምፅዋን ለይተው ያዟት፤ «አንቺ ነሽ እንዴ የመስኮቷ? ውይ ስትገርሚ! እኔም እኮ እከፍታለሁ!» አንዷ እስከ እንባዋ ሳቀች። የራሷ ባል ነዳጅ ማደያ ነው የሚሠራው። ፀሐይወርቅም አብራ ሳቀች። ለካ መስኮት የሚከፈትበት ቤት ብዙ ነው። ለካ እያንዳንዷ የየራሷን «ይሞቃል» ይዛ ነበር፤ እሷ በአንድ ትንፋሽ የሁሉንም አወጣችው።

ቤት ውስጥ መከራ ሆነ። አስረስ ይገባል፣ ጫማውን ይተዋል፣ ይቀመጣል። እሷ ወደ መስኮቱ ትሄዳለች፤ እጇ መያዣው ላይ ሲደርስ ያ ድምፅ ይመጣባታል። ትከፍታለች፤ «ይሞቃል» ለማለት ግን ቃሉ እንደ ትኩስ ድንች አፏ ውስጥ ይገላበጣል። «ይሞቃል» ይላል እሱ፣ ሳትጠይቀው። አልሰማም ማለት ነው። ልንገረው ትላለች፤ ነገ ትላለች። ነገ ሲመጣ ደግሞ ይደክማታል።

ሶፊ ዘንድ ሄደች። ሽቶ ቤቱ በሰው ተሞልቷል።

«አውርጂልኝ» አለቻት። «ሌላ አነብልሻለሁ፤ በነፃ።»

«ፀሐይዬ ምን ሆነሻል? እስቲ እይው!» ሶፊ ደንበኞቿን በአገጯ አሳየቻት። «የሚገዙት ሚስቶቹ ናቸው። ወንዶቹ ደግሞ አይከፋቸውም፤ እኔን ነው የሚል ባል የለም። እያንዳንዱ ጎረቤቱን ነው የሚያስበው።»

«የሚያውቅ ባል ቢኖርስ?»

«ካወቀማ ይግዛ» አለችና ሶፊ ወደ ደንበኛዋ ዞረች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ፀሐይወርቅ ያን ቀን ከጀሞ ገበያ እስከ ቤቷ ድረስ በእግሯ ሄደች፤ ታክሲ ውስጥ ራሷን መስማት ስላልፈለገች ነው።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ማምሻ መካኒሳ አቦ እህቷን ጠይቃ ስትመለስ አስረስን ታክሲ ተራው ላይ አገኘችው። ደስ አለው። ጃንጥላዋን ተቀብሎ ያዘላት። ሲገቡ አንድ ላይ የሚቀመጡበት ቦታ አልነበረም፤ እሱ ፊት ከአንድ ባለ ከረባት ሰውዬ ጎን፣ እሷ ከኋላው። ዝናቡ ኃይለኛ ስለሆነ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። ትንሽ እንደተጓዙ ባለ ከረባቱ መሐረብ አወጣ። አንዲት ልጅ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ሳበች። አስረስ እጆቹን ጉልበቱ መሐል አድርጎ ራሱን አጠበበ፤ በዚያ ዓይነት ቦታ ላይ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው። ፀሐይወርቅ የጀርባውን መጥበብ አየችና አንጀቷን በላት።

ሬዲዮው ላይ ዘፈኑ አለቀ። ሙዚቃ ገባ፤ የሚኪ የማስታወቂያ ሙዚቃ። ፀሐይወርቅ «ወራጅ!» ለማለት አፏን ከፈተች፤ ድምፅ የሚሸጥ ሰው ድምፅ አጣ። የሬዲዮው ድምፅ ግን ቀጠለ፤ «ቤትህ ስትገባ...»

አስረስ ሌባ ጣቱን አነሳ። ወደ ባለ ከረባቱ ዞረ። ፊቱ በርቷል። «ሚስ...» አለ።

«...ሚስትህ ተነስታ መስኮት ትከፍታለች። ሞቋት ይመስልሃል?»

ታክሲው በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ «ኧረ እኛንም ሞቀን!» አለና ሳቁ ባሰ። ባለ ከረባቱም እየሳቀ መስኮቱን ገርበብ አደረገው፤ ዝናቡ ገባ። ማንም ክፋት አልነበረውም፤ ቀልድ ነው፣ ድካም ነው፣ ማምሻ ነው። የአስረስ ጣት ግን አየር ላይ ቀርታ ነበር። ትንሽ ቆየችና ወረደች። ሲያወርዳት ጆሮውን አከከባት፤ መጀመሪያውንም ለዚያ ያነሳት ይመስል። ወደ ኋላ አልዞረም። ጀሞ እስኪደርሱ ድረስ አልዞረም።

ቤት ገቡ። ጫማውን በር ላይ ተወ። ፀሐይወርቅ መስኮቱ አጠገብ ቆመች፤ መክፈትም አልቻለችም፣ ሄዳ መቀመጥም አልቻለችም። እራት አቀረበች። በላ። እጁን ታጠበ፤ እንደገና ታጠበ። ሊተኛ ሲል፣ ዓይኑን ሳያነሳ፣

«ድምፅሽ ግን ጥሩ ወጥቷል» አላት።

ቢሰድባት በወደደች። ቢጮህ፣ ሰሃን ቢሰብር፣ እሷም አልቅሳ ይቅርታ ጠይቃ ያልቅ ነበር። ቁጣ መጨረሻ አለው። እንዲህ ያለ ጨዋነት ግን የት ተይዞ ይታለፋል? ደጋግማ «አስረስ» አለችው በጨለማው። እንቅልፍ የወሰደው መሰለ። እንዳልወሰደው ታውቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከሥራ ሲመለስ ቶሎ አይወጣም። ከሕንፃው ሥር፣ ልብስ ማስጫው አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ንፋስ ይቀበላል። ጎረቤት ሲያልፍ «አየር እየወሰድኩ ነው» ይላል። ሲገባ በሩ አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ ይቀመጣል እንጂ ወደ ሶፋው አይመጣም። መስኮቱ ተዘግቶ ይከርማል። እሱ ስለማይጠጋት የሚያስከፍት ሽታ የለም፤ ቢኖርም የሚከፍተው ሰው የለም። ታክሲ ውስጥ ድምፅዋን ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ አልነገራትም። «ዛሬም ሰማሁሽ» የምትለዋ ነገር ግን ከቤቱ ጠፋች።

አንድ ቅዳሜ ማታ ፀሐይወርቅ እራት ሠርታ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ሳለ አንድ ነገር ከደረጃው ላይ ቀድሞ መጣ። አስረስ ራሱ ገና አልደረሰም። ጣፋጭ ነው፣ ከባድ ነው፣ አበባም ስኳርም የሶፊ ሱቅም አለበት፤ ከሥሩ ደግሞ ያው የጨውና የቆዳው ሽታ አለ። አንዱ አንዱን አላሸነፈውም። ተጣብቀው ሦስተኛ ነገር ሆነዋል፤ ያ ሦስተኛው ነገር ደግሞ የመጀመሪያውን የሚያስናፍቅ ነው።

አስረስ ገባ። ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶታል። የሄርሜላ ሠርግ ጊዜ የተገዛውን ሸሚዝ ለብሷል፤ መጋዘን ድረስ በፌስታል ይዞት ሄዶ ነው መሰለኝ። በርጩማውን አልፎ መጣና ሶፋው ላይ፣ አጠገቧ ተቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቷ እንደመጣ ሽማግሌ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ምን ሽቶ ነው?» አለችው።

ሳታስበው ነው ያመለጣት። ካለችው በኋላ ሁለቱም ቀሪውን ግማሽ ሰሙት፤ ጀሞ ውስጥ ያንን ግማሽ የማያውቅ ሰው የለም። አስረስ ጠበቀ፤ እሷም ጠበቀች። ማንም አልተናገረውም።

«እንጃ» አለ በመጨረሻ። «ሱቅ ያለችው ልጅ ለእንደ አንተ ዓይነት ሰው ይሄ ነው አለችኝ። በደንብ አድርግ አለችኝ፤ አደረግሁ።»

ፀሐይወርቅ ዓይኗ ያነባ ጀመር፤ ከሽታው ይሁን ከሌላው እሷም አልለየችውም። ሃያ ምናምን ዓመት የቆዳውን ሽታ ችላዋለች፤ ይህን ግን መቻል አቃታት። መስኮቱ እጇን ብትዘረጋ የምትደርስበት ቦታ ላይ ነው። ውጭ ዝናብ ነው፣ ብርድ ነው። እጇን አልዘረጋችም። ያ መስኮት ዛሬ ቢከፈት ምን ማለት እንደሆነ ከሀይሌ ጋርመንት እስከ ጀሞ የማያውቅ የለም፤ እሷ ራሷ ናት ያስተማረቻቸው። ታፍና ብትሞት ትሙት እንጂ ይህን ሸሚዝ ለብሶ በመጣ ሰው ፊት አትከፍተውም። አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ እንኳን አልነካችም። በአፏ እየተነፈሰች፣ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

አስረስ አያት። ዓይኗን አየ፣ በአፏ መተንፈሷን አየ፣ ጉልበቷ ላይ የተቆላለፉ ጣቶቿን አየ። ከዚያ ተነሳ። በፊቷ አልፎ ሄደና መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፈተው። ንፋሱ ዝናቡን ይዞ ገባ፤ መጋረጃው ተነስቶ ፊቱን መታው።

«ውይ» አለ ጀርባውን እንደሰጣት። «ይሞቃል።»

ፀሐይወርቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አዎ» አለችው። «በጣም ይሞቃል።»